የአባባ ፍንጭት የተመለሰ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ከሚላቸው ጥቂት የየካ አባዶ ሰዎች አንዷ ነበርኩ። እናቶች «ውይ፣ ወጡ ሳይበስል!» እያሉ ድስታቸውንና ከሰላቸውን ይዘው ወደ ኮሙናሉ ሲወርዱ፣ እኛ ልጆች ቀድመናቸው በሩጫ እንወርድና ቦታ እንሻማ ነበር። ኮሙናል የምንለው በብሎካችን ግርጌ ያለውን የጋራ ቤት ነው፤ በበዓል በግ የሚታረድበት፣ ለሰርግም ለለቅሶም የሚበሰልበት፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ሰፊ ክፍል። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የሴቶቹ ከሰል በአንድ ጥግ ይቀጣጠላል፣ ሻማ በተገለበጠ ጣሳ ላይ ይቆማል፣ ከምድጃዎቹ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ደግሞ የእኔ አባባ ይቀመጣሉ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ስማቸው ሸምሱ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ስልጤ ነጋዴ። ሚስታቸው፣ ሴት አያቴ፣ ከሞቱ በኋላ፣ እማዬ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲደርሳት፣ «ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም» ብላ አራተኛ ፎቅ ላይ አመጣቻቸው። መጀመሪያ ሰፈሩን ጠልተውት ነበር። «ገበያ በሌለበት አገር ሰው ምን ሲሠራ ይውላል?» እያሉ ከሰገነቱ ላይ ሆነው ወደ ቦሌ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ሲቆጥሩ ይውላሉ። ያላመዳቸው ተረቱ ነው። ልጆች ሰብስበው ማውራት የጀመሩ ቀን ገበያቸውን አገኙ።

አፋቸው ሰፊ ነው፤ ከላይ፣ ከፊት፣ በሁለቱ ጥርሶቻቸው መካከል ደግሞ ፍንጭት ነበራቸው። አያቴ በሕይወት ሳሉ «እኔ የመረጥኩት ፍንጭቱን ነው፤ ሰውየው ተከትሎ መጣ» ይሉ ነበር አሉ። አባባ አያ ጅቦን ሆነው ሲስቁ አፋቸውን እስከ ጥግ ይከፍቱትና ያ ፍንጭት በፍሙ ብርሃን ፍንትው ብሎ ይታያል፤ እኛም እየፈራን እንስቃለን፣ እየሳቅን እንፈራለን።

በብሎካችን አንድ ደንብ ነበር። ተረት ሲያልቅ ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይል የለ? ሌላ ሰፈር ይህቺን በቃል ብቻ ያልፏታል። እኛ ጋ ዳቦው የእውነት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት የመንዟ እትዬ አስካለ በከሰል የደፉትን ድፎ ዳቦ ያመጡና ቅርፊቱን ቆርሰው ለአባባ ይሰጣሉ። አባባ ቅርፊቱን በፊት ጥርሳቸው ገምጠው፣ አኝከው፣ ዋጥ ሲያደርጉ ተረቱ ተመለሰ ማለት ነው። እስኪውጡ ማንም አይነሳም። ዳቦው ካልተበላ ጅቡ ተከትሎን ደረጃ ይወጣል ብለን እናምን ነበር፤ ይህንን እምነት ማን እንዳስገባብን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በዚያ ዓመት አባባ አንድ ረጅም ተረት ጀመሩ። ተረቱ ሳቅ ስለሚቀርጥ ጅብ ነው። ጅቡ በወንዝ መሻገሪያ ላይ ተቀምጦ ከመንገደኛው ሁሉ ሳቁን ይቀበላል፤ ከፍሎ የተሻገረ ሰው ከዚያ ወዲያ ስቆ አያውቅም። ጅቡም ሳቁን ሁሉ በስልቻ ጠቅጥቆ ይቀመጥበታል። በየምሽቱ አንድ መንገደኛ እየተሻገረ፣ አገሩ ሁሉ ፊቱ እየጠቆረ፣ በመጨረሻ አንዲት ጨው ነጋዴ ሴት አህያዋን እየነዳች ወንዙ ዳር ደረሰች። ጅቡ «ሳቅሽን ወዲህ በይ» አላት። አባባ እዚህ ላይ ጉንጫቸውን ያዝ አደረጉ። ጥርሳቸው ሲያማቸው ነበር የከረመው።

«ለዛሬ እዚህ ትደር» አሉን። «ነገ ሐኪም ቤት ነኝ፤ ሲሻለኝ አሻግራታለሁ።»

ሴትዮዋ እዚያው ቆማ ቀረች። የአባባ ድድ ለካ ክፉኛ ታሞ፣ የቀሩት ጥርሶች ሁሉ እንደ ላላ ሚስማር ይነቃነቁ ነበርና፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለችው የጥርስ ሐኪም ከመንቀል ሌላ መፍትሔ አላገኘችም። ተነቅሎ አለቀ። ሐኪሟም ድዱ እስኪድንና እስኪረጋጋ ወራት ጠብቀው እንዲመለሱ፣ ያን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንደምትሠራላቸው ነገረቻቸው።

«ዝም አይነቅዝም» ሲባል ሰምቼ ነበር። ውሸት ነው። አባባ ዝም ሲሉ ነቀዙ። ስልክ ማንሳት ተዉ። ጁምዓ ሰላት ሄደው ሰው ሳያናግሩ ሹልክ ብለው ይመለሳሉ፤ ሰላምታቸው በእጅ ብቻ ሆነ። ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይበላሉ። አፋቸው ወደ ውስጥ ገብቶ፣ አገጫቸው ወደ አፍንጫቸው ቀርቦ፣ በአንድ ወር የአሥር ዓመት ያህል አረጁ። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ «ብቸኝነት እንዳይገድላቸው ብዬ አምጥቼ ዝምታ ሊገድልብኝ ነው» እያለች ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ልጆቹም ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ሴትዮዋ ተሻገረች?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? እኔም ማታ ማታ የማስበው እሷኑ ነበር። አባባ ካልተናገሩ ያቺ ሴት ከነአህያዋ እዚያ ወንዝ ዳር ልትቀር ነው፤ ይህ በልጅ አእምሮዬ ከባድ ነገር ነበር። የበለጠ የከበደኝ ግን አባባም አብረዋት የቀሩ መምሰላቸው ነው።

ዐረፋ ደረሰ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሊመጣ ነው። አባባ መታገሥ አቃታቸው። «እኔ ለደንበኛ ‹ቆይ› ብዬ አላውቅም፤ ለእኔም ‹ቆይ› አይባልም» ብለው፣ ግማሹን በቃል ግማሹን በእጅ ምልክት፣ ቶሎ የሚሠራ ሌላ ሰው ፈልገው አገኙ። በነጋዴ ወግ «ደህናውን አምጣ» አሉት። ደህናው ማለት በእሳቸው ሒሳብ ከሁሉ የነጣውና ከሁሉ የተለቀው ነው። አድርገውት ቤት ሲገቡ ጥርሳቸው እንደ አዲስ የሻይ ሲኒ ያብረቀርቃል። እማዬ «ያምራል አባባ» ብላ ሳቀች፤ መቼም ጥርስ ባዳ ነው። እኔ አፋቸውን አየሁና ክፍሌ ገባሁ። ፍንጭቱ የለም። የማላውቃቸው ሽማግሌ የአባባን ኮት ለብሰው የመጡ መሰለኝ።

በዓሉ እንደ ምንም አለፈ። ከዚያ በኋላ ግን ጥርሱ ቀን በቀን ይላላ ጀመር። ሲያወሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በምላሳቸው ወደ ላይ ደግፈው ነው የሚናገሩት። ቢሆንም አንድ ምሽት መብራት ጠፋና ልጆቹ በራችን ላይ ተሰልፈው «አባባ፣ ይውረዱ» ሲሏቸው እምቢ ማለት አልቻሉም። ወረዱ። ረጅሙን ተረት ሳይነኩ፣ ለማሟሟቂያ ብለው አንዲት አጭር ተረት በጥድፊያ አወሩ። ሳይስቁ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጨረሱ። እትዬ አስካለ በደስታ ትልቁን ቅርፊት ቆርሰው ሰጧቸው። አባባም እንደ ድሮው በፊት ጥርሳቸው ገመጡና ሳብ አደረጉት።

ዳቦው መጣ። የላይኛው ጥርስም አብሮ መጣ።

በሻማው ብርሃን፣ ቅርፊቱ ላይ ተነክሶ የቀረ ነጭ ጥርስ ሁላችንም አየን። ከዚያ ናቲ፣ የሁለተኛ ፎቁ ቀበጥ፣ ፈንድቶ ሳቀ፤ እሱን ተከትሎ ልጅ ሁሉ ተንከተከተ። እትዬ አስካለ ዳቦውን ከነጥርሱ በሳህን ከደኑት። አባባ በመዳፋቸው አፋቸውን ይዘው ተነሱ። ማንንም አላዩም። ደረጃውን ሲወጡ ጫማቸው ሲጎተት እስከ ላይ ይሰማን ነበር። እኔ ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፤ ናቲን ኩርኩም አቀመስኩትና እያለቀስኩ ተከትያቸው ወጣሁ።

በነጋታው እማዬ ሥራ ሄዳ፣ እኔና አባባ ብቻችንን ነበርን። ማንቆርቆሪያ ጥደው ውኃ ሲያፈሉ አየሁ። ያንን ጥርስ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጠው የፈላውን ውኃ አንዠቀዠቁበት። «ምን እያደረጉ ነው አባባ?» አልኳቸው። እንደ ምንም ብለው፣ በባዶ ድዳቸው፣ «አቡጀዲ ሲገዛ ሰፊ ነው፤ ፈልቶ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ይሄም ይሰበሰባል» አሉኝ። ስንት ዘመን ጨርቅ የሸጠ ሰው እንዴት አይታመን? ሳህኑ ላይ ተደፍተን አብረን ጠበቅን። በእርግጥም ተሰበሰበ፤ ግን እንደ ራሱ ፈቃድ ነው የተሰበሰበው። ከአንድ ወገን ተጣሞ፣ ከሌላው ወገን ተነስቶ፣ አፋቸው ውስጥ ጭራሽ አልቀመጥ አለ።

አባባ የተጣመመውን ጥርስ በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና «ሀያት፣ ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ።

ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ በታክሲ ተሳፍረን ስንሄድ አባባ ፊታቸውን በሻሽ እስከ አፍንጫቸው ጠቅልለው ነበር። ረዳቱ መውረጃቸውን ሲጠይቃቸው እኔ ነኝ የምመልስ። ያን ሁሉ ሰው አታለው፣ አሳምነው፣ ተከራክረው የሸጡ ሰው መውረጃቸውን መናገር ፈርተው በልጅ አፍ ሲያስነግሩ ሳይ እጃቸውን ያዝኩ። ክሊኒኩ ከአንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ ነበር። ሐኪሟ በእማዬ ዕድሜ ያለች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። አባባ መሐረቡን ጠረጴዛዋ ላይ ፈቱት። ጥርሱን አንስታ ወዲህም ወዲያም አገላበጠችው። እኔ እስክትስቅ እየጠበቅኩ ነበር፤ ብትስቅ ኖሮ ምን እንደማደርጋት አላውቅም። አልሳቀችም።

«አባባ፣ ጥርሱ ሰፍቶብዎት አልነበረም» አለች። «ድድዎ ነው የሸሸው። ጥርስ ሲነቀል፣ ጥርሱን ይዞ የነበረው አጥንት ከሥር ቀስ እያለ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ይጠብቁ ያልኩዎት። እርስዎ የጨርቅ ሰው ነዎት አይደል? በሽታ ይዞት እየከሳ ላለ ሰው ሱፍ ይለካል?»

አባባ ሻሹን ከፊታቸው አወረዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ባዶ አፋቸውን ከፍተው፣ «አይለካም» አሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ። ስለፈላው ውኃ ደግሞ እኔ አፌ አላርፍ ብሎ ነገርኳት። እሷም የጥርሱ መቀመጫ እንደ ፕላስቲክ ያለ ነገር መሆኑን፣ የፈላ ውኃ እንደሚያጣምመው፣ በአፍ ውስጥ የሚኖር ነገር የሚታጠበው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ መሆኑን አስረዳች። «በአቡጀዲ ሕግ አይዳኝም» ብላ ያኔ ፈገግ አለች። አባባም ፈገግ ሲሉ አየኋቸው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ወራቱ አልፈው ድዱ አሁን ረግቶ ስለነበር እንደ አዲስ ለካቻቸው። በሊጥ መሳይ ነገር የላይኛውንም የታችኛውንም ቅርጽ ወሰደች፣ ሲነክሱ እንዴት እንደሚገጥም አየች፣ ደጋግመን ተመላለስን። ሁልጊዜም እኔን ይዘው ይሄዱ ነበር። የጥርሱን ቀለም የምንመርጥበት ቀን መቼም አይረሳኝም። ሐኪሟ በተርታ የተደረደሩ የጥርስ ናሙናዎች አወጣች፤ ከበረዶ ነጭ አንስቶ እስከ ሻይ ጠጪ ጥርስ። አባባ በልማድ እጃቸውን ወደ ነጩ ሰደድ አድርገው መልሰው ሰበሰቡት። ቀና ብለው አምፖሉን አዩ። «በአምፖል ጨርቅ አይመረጥም» ብለው ናሙናውን ይዘው መስኮቱ ጋ ሄዱ። እዚያ፣ በቀን ብርሃን፣ ከከንፈራቸው አጠገብ አንድ በአንድ እየያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «የቱ ነው የእኔ?» አሉኝ።

ነጩን አለፍኩት። ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም አለፍኩት። ትንሽ ቢጫ ያለበትን ጠቆምኩ። ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ወዲያው አወቅሁት፤ ጎልቶ አይጮህም፣ ከፂማቸውና ከቆዳቸው ጋር ይስማማል። ሐኪሟ «ዓይን አላት» አለች። እኔም ሙገሳው ልብ ሰጠኝና «ፍንጭት ነበራቸው እኮ» አልኩ። አባባ አፈሩ። «ተይ ልጄ፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጌጥ» አሉ። ሐኪሟ ግን በቁም ነገር ጠየቀችኝ፦ የት ጋ ነበር፣ ሰፊ ነው ጠባብ? እኔም በጣቴ አሳየኋት። በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ ጥርሶቹ ለሙከራ በሰም ላይ ተደርድረው ጠበቁን። አባባ አፋቸው ውስጥ አድርገው መስታወት ሲያዩ፣ በመካከል ያቺ ክፍተት አለች። መስታወቱን ለመመለስ ዘገዩ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ፍንጭቱን የመረጡት የአያቴ ዓይን ትዝ እንዳላቸው ገብቶኛል።

ሥራው ተጠናቆ ጥርሱን ሲረከቡ ሐኪሟ አስጠነቀቀቻቸው፤ ጥርሱ አፍ ውስጥ ስለገባ ብቻ የእሳቸው አይሆንም፣ መማር አለባቸው። መጀመሪያ ለስላሳ ምግብ፣ በትንሽ በትንሹ ተቆርሶ። በአንድ ወገን አይደለም በሁለቱም ጉንጭ ባንድነት ማኘክ፤ በአንድ ወገን ሲሆን ሌላው ወገን ይነሳል። በፊት ጥርስ ይዞ መሳብማ ፈጽሞ። የሚያቆስል ቦታ ካለ ራሳቸው በቢላ እንዳይፍቁት፣ ወደ እሷ ይምጡ። ማታ አውልቀው ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፣ ድዱም ይረፍ። ድምፅ እያሰሙም ያንብቡ፣ ምላስ አዲሱን ቤት እስኪለምድ። «ቶሎ ሥሪልኝ» ሲሉ የነበሩት ሰው አንዱንም ሳያጓድሉ ተቀበሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ራሳቸው ጨመሩላት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ማታ ማታ ከመታጠቢያ ቤት «ፎጣ!» የሚል ትእዛዝ ይሰማል፤ ጥርሱ ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር ከሥሩ ፎጣ ተነጥፎ ነው የሚታጠበው። ለስላሳ ብሩሽ ገዝተው፣ የጥርስ ሳሙናው ይፍቀዋል ስለተባሉ በእጅ ሳሙና፣ ጨርቅ እንደሚመረምር ሰው ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይቦርሹታል። ድዳቸውንና ምላሳቸውንም አይረሱም። አንድ ጠዋት ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነስቼ ብርጭቆ ሳነሳ፣ ከውስጥ ጥርስ ፍንጭቱን አሳይቶኝ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆው ክዳን ተገዛለት።

ማንበቡ ግን አልሆነላቸውም፤ መነጽራቸው አስቸገራቸው። በምትኩ ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ቆመው የድሮ ሱቃቸውን ዕቃ መጥራት ጀመሩ። «ሳቲን። ሱፍ። ሻሽ። ሸማ። ፖፕሊን። ከፋይ። አቡጀዲ።» መጀመሪያ ሱፉ ያፏጫል፣ ፖፕሊኑ ይንተባተባል፣ ሻሹ ምራቅ ይረጫል። ቆም ይላሉ፣ ምራቃቸውን ይውጣሉ፣ እንደገና፦ «ሱፍ። ሱፍ። ሱፍ።» ከታች የሚያልፍ አንድ ጎረቤት ቀና ብሎ «አባባ፣ ጥቁር ከፋይ አለ?» ሲላቸው፣ «ለአንተ የሚሆን የለም» ብለው መለሱለት። ሰውየው ስቆ አለፈ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዘለልኩ፤ አባባ ከሰው ጋር ተላከፉ! እማዬም ከወጥ ቤት ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። አንድ ጊዜ ድዳቸው ቆስሎ ሁለት ቀን አዘኑ፤ ሐኪሟ ጋ ሄደው በጥቂቱ ሞርዳላቸው ሲመለሱ ሳቲኑ ከበፊቱ ይበልጥ ጠራ።

እና አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ልጆቹ ኮሙናሉ ውስጥ ተሰብስበው በስልክ ጨዋታ ይጫወታሉ፤ አባባን ለመጥራት የመጣ አልነበረም፣ ካሳፈርናቸው በኋላ ማን ይደፍራል? አባባ ሳይጠሩ ተነሱ። ኮታቸውን ለበሱ። እማዬ «እርግጠኛ ነዎት?» ስትላቸው ደረጃውን ይዘው ወረዱ፤ እኔም ከኋላቸው። ደረጃው ላይ ትንፋሻቸውን እሰማ ነበር። ፈርተው ነበር። ያን ሁሉ ገበያ የገዙ ሰው ልጆች እንዳይስቁባቸው ፈርተው ነበር፣ ግን እየወረዱ ነበር።

በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ስልካቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰላምታ የለ፣ መግቢያ የለ፦ «ሴትዮዋም ጅቡን አየችውና ‹ሳቅ የለኝም› አለችው» ብለው ጀመሩ። ናቲ ሳይቀር እየዳኸ ቀረበ።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ ስቄ አላውቅም፤ ካገኘህብኝ ውሰድ» አለችው። ጅቡም ያለ ቀረጥ ማንም አያልፍምና፣ «እንግዲያው አስቄሽ እወስዳለሁ» አለ። ጨፈረ፤ አልሳቀችም። አመድ ላይ ተንከባለለ፤ አልሳቀችም። የአህያዋን ጭነት ተሸክሞ አናፋ፤ ዝም ብላ አየችው። በመጨረሻ ቸገረውና፣ ሳቅ ምን እንደሚመስል ናሙና ላሳያት ብሎ የስልቻውን አፍ ትንሽ ፈታ አደረገ። በዚያች ቀዳዳ የአገሩ ሳቅ ሁሉ ገንፍሎ ወጣ፤ እያንዳንዱም ወደ ባለቤቱ በረረ።

እዚህ ላይ አባባ ቀና አሉ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ድሮ እንደሚከፍቱት፣ እስከ ጥግ። እኔ ትንፋሼን ይዤ የላይኛውን ጥርስ ብቻ ነበር የማየው። እንደ ገበሬ ሳቁ። እንደ ሙሽራ ሳቁ። እንደ ዳኛ፣ ችሎት ላይ ሳቅ እንዳመለጠው ዳኛ ሳቁ። ባለቤቱ የሞተበት አንድ ሳቅ ማደሪያ አጥቶ ጅቡ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያንን የጅብ ሳቅ ለቀቁት፤ ረጅም፣ ክፉ፣ ድስቶቹን ያንቀጠቀጠ። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። ፍንጭቱ በፍሙ ብርሃን ታየ። ሴትዮዋም ጅቡ በገዛ ሳቁ ሲደነግጥ አይታ ሳቀች፣ ሳቋንም ይዛ ተሻገረች።

«ተረቴን መልሱ» አሉ።

ያኔ ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ዞረ። እትዬ አስካለ ለአባባ አዝነው ከዳቦው መሀል ለስላሳውን ቆርሰው ዘረጉላቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና ቅርፊቱን ጠቆሙ። ተሰጣቸው። አልገመጡትም። በእጃቸው ለሁለት ሰበሩት፣ አንዱን በቀኝ ጉንጫቸው አንዱን በግራ አደረጉ፣ አፋቸውን ዘጉ። በዚያ ጸጥታ ቅርፊቱ ሲፈረካከስ ተሰማ። አልቸኮሉም። አኝከው፣ አኝከው፣ ዋጡ፤ ከዚያም ፍርፋሪ ያልቀረበትን አፋቸውን ከፍተው ለሁላችንም እያዞሩ አሳዩን። «ዋጡት!» ብሎ የጮኸው ናቲ ነው። ኮሙናሉ በጭብጨባ ተናጋ፣ እማዬ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ትስቃለች፣ እትዬ አስካለ እልልታቸውን አቀለጡት።

በዚህ መሀል መብራት መጣ። ሌላ ቀን ቢሆን «መጣ!» ብለን ተንጋግተን ወደ ቴሌቪዥን ነበር የምንበተነው። ያን ቀን አንድም ልጅ አልተነሳም። ናቲ ሄደና የኮሙናሉን አምፖል አጠፋው። ተመልሶ አባባ እግር ሥር ተቀመጠና «ሌላ» አላቸው።

በማግስቱ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ነበሩ። ሲስቁም ሲያወሩም አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ መሸፈን ልማዳቸው ነው፤ እኔ የጨዋ ሴት ወግ ይመስለኝ ነበር። አባባን «ያቺ ሐኪም የት ነው ያለችው?» አሏቸውና ነጠላውን ዝቅ አደረጉ። ከፊት አንድም ጥርስ አልነበራቸውም። ለሰው ቅርፊት ሲቆርሱ የኖሩት ሴት ራሳቸው ቅርፊት ካኘኩ ዓመታት አልፈዋቸው ነበር፣ በብሎካችን ያወቀ ሰው የለም። አባባ ወዲያው ኮታቸውን አነሱ። ደረጃውን ሲወርዱ ምክራቸውን ሲያዘንቡ እሰማ ነበር፦ እንዳይቸኩሉ፣ ቀለሙን መስኮት ጋ ሄደው እንዲመርጡ፣ ሲያጥቡት ከሥሩ ፎጣ እንዳይረሱ፣ የፈላ ውኃማ አይታሰብ።

አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ነው የምሠራው። አባባ በሕይወት አሉ፤ ድድ ከዓመት ዓመት ስለሚለወጥ ጥርሱም እንደገና ተሠርቶላቸዋል፣ ፍንጭቱንም ዳግም አሠርተዋል። የተረቱን ጅብ ለእህቴ ልጆች ስነግር ግማሹን እየረሳሁ፣ ከራሴ እየጨመርኩ ነው። ያልረሳሁት አባባ ሳይጠሩ የወረዱትን ደረጃ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ስብሰባ ላይ ተሳስቼ ተናግሬ አዳራሹ ሙሉ ሳቀብኝ፤ በነጋታው እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ንግግሬን እንደገና ጀመርኩ። ከዚያም ወዲህ ብዙ ቦታ ተስቆብኛል። ተመልሼ ያልተቀመጥኩበት ቦታ ግን የለም።